ደጄን የወተፈችው ፒካፕ

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 20

ዛሬም አልወጣሁም። በየት በኩል ልውጣ? ፒካፗ ጎማዋ ወልቆ ግቢው መሀል ድንጋይ ላይ ተጎልታለች። ጎማው በረንዳዬ ላይ፣ ብረቱ ደረጃዬ ላይ፣ ግራሶው ደግሞ የልብስ ማስጫ ገመዴ ላይ። ግራሶ ገመድ ላይ ምን ይሠራል ብዬ ሜካኒኩን ኦቦ ቶሌራን ጠየቅኩት።

«እጄን የምጠርግበት ጨርቅ ነው አዴ ብርቄ።»

ጨርቁ የኔ ነጠላ ነው። አሮጌ ነው፤ ቢሆንም ነጠላ ነው። ሰደብኩት። ሳቀ። ይሄ ሰውዬ ሲሰድቡት ይፋፋል።

ይሄን ሁሉ ያመጣው አብዲ ነው። የልጅ ልጄ ነው፣ ግን ጡት ከጣለ ጀምሮ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። «አኮ» ይለኛል፤ በአባቱ ቋንቋ አያቴ ማለቱ ነው። መንገዱ አንድ ቀን ክፍት አንድ ቀን ዝግ እየሆነ፣ ከጌዶ ድንች መጫኑም ከካቺሲ ጤፍ ማምጣቱም ቀረበት። መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብሎ ስልኩን ሲያይ ነው የሚውለው። «አኮ፣ መኪናዋ ሳትዝግ እኔ ዛግሁ» ይለኛል። 

አሁን አፋር በረሃ ሥራ ተገኘ። ከጨው ሜዳው ወዲህ ድንጋይ የሚያጠኑ ሰዎች አሉ አሉ፤ እነሱን ከነዕቃቸው አሸዋ ላይ ማመላለስ ነው። «መኪናህን ከፍ አድርገህ፣ እግሯን አጠንክረህ ና፤ አለዚያ አትድከም» አሉት። ሰኞ ማታ ሰመራ ካልደረሰ ሌላ ሰው ከነመኪናው ቆሞ እየጠበቀ ነው።

ጋራዥ አይሠሯትም ወይ? የኦቦ ቶሌራን ጋራዥ ጭቃ ውጦታል። የኔ ግቢ ድንጋይ የተነጠፈ ነው። ስለዚህ እኔ ጋራዥ ሆንኩ።

ከኋላ ያለውን ባሌስትራ፣ ያን እንደ ቀስት የጎበጠ ድርብርብ ብረት፣ አወጡት። ከአዲስ አበባ የመጣ ወፍራም ገባ። ከፊት ሞላ የሚሉት ጥምዝ ሽቦ ገባ። ከጎኑ ደግሞ አሞርዛተር የሚሉት ነገር፣ ቢጫ፣ የሕፃን መጫወቻ የመሰለ።

«ይሄ መንገጫገጩን ይውጠዋል» አለኝ ኦቦ ቶሌራ።

«የኔን ወገብ የሚውጥ የላቸውም?» አልኩት።

እኔ ያናደደኝ ሌላ ነው። ጉልበቴ እንቢ ካለኝ ወዲህ የኔ አገር ደጄ ነው። የግቢው በር ላይ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የሠራው የቆርቆሮ ጥላ አለ፤ በሩ አናት ላይ የተጋደመ ወፍራም የዝግባ ጉበን ተሸክሞታል። ከሥሩ ዱካዬ አለች። ጠዋት እቀመጣለሁ፣ ማታ እነሳለሁ። አምቦ በሙሉ በፊቴ ታልፋለች። ማን አገባ፣ ማን ተጣላ፣ ሽንኩርት ስንት ገባ፣ ሁሉን የምሰማው እዚያ ነው። አሁን ከቤቴ እስከ ደጄ ብረት ተዘርግቶ ልራመድበት አልቻልኩም። በመስኮት የማየው የኦቦ ቶሌራን ቂጥ ነው። እሱ ወሬ አያወራም።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 21

ቆመች!

ጠዋት ጎማዋን ገጠሙ። ክሪኩን ዝቅ አደረጉ። ዝቅ ትላለች ብዬ ስጠብቅ እዚያው ላይ ቀረች። ወይ ጉድ። ታኮ ጫማ ያደረገች ሙሽራ ነው የምትመስለው። በሥሯ በግ ያልፋል።

አብዲ እንዴት ፊቱ እንደበራ! ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር እንዲህ ካየሁት። ዙሪያዋን ይዞራል፣ ይነካታል፣ ይገፋታል። «ነይ አኮ፣ አንደኛ ተሳፋሪ አንቺ ነሽ!»

ድሮ አንድ እግሬን አስገብቼ ቂጤን ወርወር አደርጋለሁ፣ አለቀ። ዛሬ ወንበሩ ደረቴ ጋ ነው። አብዲ ከላይ ይጎትታል፣ ኦቦ ቶሌራ ከታች ቆሞ ይፈራል።

«ግፋ እንጂ አንተ! ጴንጤ ሴት አይነካም እንዴ?»

«ሴት ይነካል፤ አዴ ብርቄን ነው የሚፈራው።»

እንደ ጤፍ ጆንያ ተጫንኩ። ከላይ ሆኜ የጎረቤቴን የአስካሉን ጓሮ በአጥሩ ላይ አየሁት። ጎመኗ ከኔ ይበልጣል። አልነገርኳትም፤ አልነግራትምም።

አብዲ አስነሳት። ወደ በሩ ነዳ። እኔ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ሰው ሁሉ በዚህ ከፍታ ሲያየኝ ምን ይላል ብዬ እያሰብኩ እያለ፣ ፍሬን ያዘ።

ቀና ብሎ አየ። እኔም ቀና ብዬ አየሁ። ጉበኑ ከመኪናዋ ጣራ ዝቅ ብሎ ፊት ለፊታችን ቆሟል።

ነገሩ ይሄ ነው። መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ከፍ አለ፤ የኔ በር ግን ከፍ አላለም። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ በጉበኑ ሥር የምታልፈው በመዳፍ ስፋት ነበር። ይሄን አብዲ ያውቃል። ኦቦ ቶሌራ ያውቃል። እኔ በየቀኑ ከሥሩ የምቀመጠው አውቃለሁ። ግቢ ውስጥ አስገብተን መኪና ከፍ ስናደርግ አንዳችንም ቀና አላልንም። ሁላችንም የምናየው ሥሯን ነበር።

ኦቦ ቶሌራ ኮፍያውን አወለቀ። መልሶ አደረገ። «እ…» አለ።

አብዲ መሪውን ይዞ ቀረ።

እኔስ? እውነቱን ልጻፍ፣ ማን ያየኛል። ደስ አለኝ። በረሃ ሰው ይበላል። ውሃ የሌለበት አገር ምን ሊሰጠው ነው? አሸዋ ላይ ብትቆምበት ማን ይገፋለታል? ተመስገን አልኩ በሆዴ፤ በአፌ ግን «ውይ ልጄን» አልኩ። እንዴት ያለ እንቅልፍ ተኛሁ!

ሐሙስ፣ ነሐሴ 22

የዕድራችን ሰብሳቢ ኦቦ ነገራ ሰምቶ መጣ። ከኋላው የዕድሩ ወንድ ሁሉ። ሰው ሲሞት እንዲህ በቶሎ አይሰበሰቡም።

ሁሉም መሐንዲስ ሆነ። አንዱ አሮጌው ባሌስትራ ይመለስና ትውጣ አለ። ኦቦ ቶሌራ ወደ መሬት አየ።

«አሮጌውማ ጌዶ ለቀጥቃጭ ሄዷል።»

«መቼ?»

«ማክሰኞ በሄደው ጭነት። ይሄኔ ማጭድ ሆኗል።»

ሌላው የጎማው ንፋስ ይውጣ አለ። አወጡት፤ ሁለት ጣት ዝቅ አለች። ሌላው መሬቱ ይቆፈር አለ። ከበሩ ሥር ያለውን ድንጋይ ነቅለው መቆፈር ጀመሩ። ቁፋሮው ኮብልስቶኑ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ኮብልስቶኑ የመንግሥት ነው፣ ማን ይነካዋል።

ኦቦ ነገራ ደግሞ «ክብደት!» አለ። ወንዶቹን ሁሉ ከኋላ ጫናቸው። ዕቃ እንደጫነች ሁሉ ዝቅ ትላለች ብሎ ነው። አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ካፖርት ለብሰው፣ ዱላ ይዘው፣ ተደርድረው ቆሙ። ለቅሶ የሚሄዱ እንጂ መኪና የሚያስጎነብሱ አይመስሉም። መጀመሪያ ምንም አላለችም። የበረሃ እግር አይደል የተገጠመላት! ኦቦ ቶሌራ እያፈረም ቢሆን ኮራ። «አያችሁ ጥንካሬዋን?» አለ። ዱላ ሊያነሱበት ነበር።

ጎረቤት ጨመሩ። ሲሚንቶ ጨመሩ። ዝቅ አለች! ትንሽ። በጉበኑ ልክ ሆነች፣ ምናልባትም በፀጉር ታልፋለች አሉ።

መሀል ላይ አንዱ «ለምን ይሄን ቆርቆሮና ጉበን አናነሳውም? የሰዓት ሥራ ነው» አለ።

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። እኔ ወደ አብዲ አየሁ።

«አይነካም» አለ አብዲ። «የአኮ ደጅ ነው።»

ሌላ ቃል አልጨመረም። ካሳደግኩት ጀምሮ እንዲህ ጨክኖ ሲናገር አልሰማሁም። ኩራት ተሰማኝ። ከዚያ ወደ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩና ኩራቱ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ቢለምነኝ ይሻል ነበር። ቢለምነኝ እንቢ እለው ነበር፣ ይቆጣ ነበር፣ ይበርድ ነበር። ሳይለምነኝ ምን ላድርገው?

መሽቶ ነበርና መውጣቱ ለነገ ተባለ፤ ምሽቱን ዝናብ ጣለ። ጉድጓዱ ሞላ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 23

አሁን በጭራሽ መውጫ የለኝም። እኔ ብቻ አይደለሁም።

ጠዋት ውሃውን ጨለፉ። ወንዶቹ ተጫኑ፣ ሲሚንቶው ተጫነ፣ ንፋሱ ወጣ። አብዲ ገባ። ኦቦ ነገራ ከፊት ቆሞ እንደ ትራፊክ እጁን ያወናጭፋል። «ና፣ ና፣ ና፣ ቀስ!»

መጣች። የፊቱ መስታወት አለፈ። ጣራዋ ከጉበኑ ሥር ገባ፤ ወረቀት ነው የሚያሳልፈው። እኔ እጄን አፌ ላይ አድርጌ ቆሜያለሁ። ልትወጣ ነው! ከዚያ የኋላ ጎማዋ የቆፈሩት ቦታ ሲደርስ ጭቃው ውስጥ ገብቶ መሽከርከር። ቭር፣ ቭር፣ ቭር። የአስካሉ ነጭ ግድግዳ ቡናማ ሆነ።

«ውረዱና ግፉ!» አለ አንዱ። ማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም። ሁሉም ሌላውን ይጠቁማል።

ሁሉም በአንዴ ዘለው ወረዱ።

ሰው ሲወርድላት ጊዜ መኪናዋ ምን አደረገች? ተነሳች! ያ ያደነቅነው ባሌስትራ ዘርጋ አለና ጣራዋን ወደ ላይ አምጥቶ ጉበኑ ላይ ጠረቀመው። ቋ! እንደ ቡሽ ተወተፈች።

ተመልሰው ወጡባት። የጣራዋ ጠርዝ ታጥፎ እንጨቱን ነክሶታል፣ አልለቅም አለ። ወደ ፊት ጭቃ። ወደ ኋላ ጭቃ። አብዲ በሩን መክፈት ስላልቻለ በመስኮት ሹልክ ብሎ ወጣ። ሸሚዙ ተቀደደ።

ከዚያ ነው ኦቦ ነገራ ዘወር ዘወር ብሎ አይቶ «እኛስ በየት ነው የምንወጣው?» ያለው።

የዕድሩ ወንድ ሁሉ እኔ ግቢ ውስጥ ነው። ግቢው አንድ በር ነው ያለው፤ በሩ ውስጥ መኪና አለ።

አስካሉ በአጥሩ መሰላል አሳለፈች። ካፖርታቸውን ሰብስበው፣ ዱላቸውን ቀድመው እየወረወሩ፣ አንድ ባንድ በአጥር ተሻገሩ። «ኦቦ ነገራ፣ በዚህ ዕድሜ አጥር መዝለል ምን ይባላል?» አልኩት። «ዝም በዪ አንቺ ሴትዮ» አለኝ ከላይ ሆኖ። የአስካሉ ጎመን ተረገጠ። አሁን ከኔ ያንሳል።

ሳቅኩ፣ ሳቅኩ፣ ከዚያ ሁሉም ሄዱ። ጸጥ አለ። በበሩ ክፍተት ሰው እንኳ አይታይም፤ መኪናዋ ናት ያለችው። መሰላል በዚህ ጉልበት አይታሰብም። ቤቱ ቢቃጠል እዚሁ ነኝ። ብሞት ሬሳዬ በየት ይወጣል? በአጥር? ይሄን አስቤ ሳቄ ቆመ።

አብዲ ራት አልበላም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 24

ተክለ ሃይማኖት። በዓሉን ከአልጋዬ ሆኜ በድምጽ ማጉያ ሰማሁት።

ደጄ ላይ ባለመቀመጤ ያመለጠኝ፦ በነጭ ልብስ የሚያልፈው ሰው። እንኳን አደረሰሽ የሚለኝ። ጠበል ጠዲቅ ይዛልኝ የምትመጣው የየወሩ ማኅበርተኛ። አስካሉ ወሬውን በአጥር ነገረችኝ፣ ግን አስካሉ ወሬ አትችልበትም፤ መጨረሻውን ታስቀድማለች።

ዛሬ ሥራ የለም። መጋዝና መጥረቢያ አይነካም። ነገ እሑድ ነው። አብዲ ሰኞ ማታ ሰመራ ለመድረስ ከነገ ጠዋት ማለፍ የለበትም። እኔ ቆጥሬ አውቄዋለሁ፤ እሱም ያውቃል። አንዳችንም አላነሳነውም።

ከሰዓት በኋላ የት እንዳለ ፈለግኩት። በመስኮቷ ተመልሶ ገብቶ መሪው ላይ ተቀምጧል። ሞተሩ ጠፍቷል። ፊቱ ወደ መንገዱ ነው። ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ የማትሄድ መኪና ይነዳል።

አይ ልጄ።

ከኋላ ያለውን መስታወት በዱላዬ አንኳኳሁ።

«አብዲ።»

«አቤት አኮ።»

«ሰዎቹ ደወሉ?»

«ደውለው ነበር። ካልቻልክ ንገረን፣ ለሌላው እንስጠው አሉ።»

«ምን አልካቸው?»

«ነገ እነግራችኋለሁ አልኳቸው።»

እኔ ደግሞ አፌ መቼ ዝም ብሎ ያውቃል። «ቁረጡት» አልኩ።

አልዞረም። «ምኑን?»

«አፍንጫህን! ምኑን ይላል? ጉበኑን ነዋ።»

«የት ትቀመጫለሽ ታዲያ?»

«ቂጥ መሬት አያጣም።»

«ዝናቡስ?»

«እኔ ጨው አይደለሁም። ጨው ያለው አንተ የምትሄድበት ነው።»

ያኔ ዞረ። ዓይኑን አየሁት፤ ቶሎ ወደ ቤት ገባሁ፣ የሆነ ነገር የጣድኩ መስዬ።

ኦቦ ቶሌራ በመሰላል መጣ። መጋዙን አይታ አስካሉ በአጥሩ ብቅ አለች።

«ብርቄ! በተክልዬ ቀን እንጨት ታስቆርጫለሽ?»

«እኔ አላስቆርጥም፣ ጴንጤው ነው የሚቆርጠው።»

«የሚቆረጠውስ የማን ነው?»

«ቆሞ መቅረት ምን እንደሆነ ከተክልዬ በላይ ማን ያውቃል? እግራቸው እስኪቆረጥ የቆሙ አባት ናቸው፤ ለቆመ ሰው ያዝናሉ» አልኳት። አማተበች። እኔም አማተብኩ፤ እሷ ሳታይ።

መጀመሪያ ቆርቆሮውን ነቀሉ። ከዚያ ጉበኑን ከሁለት በኩል። የዝግባ እንጨት ነው፣ አልሞት አለ፤ ኦቦ ቶሌራ ላቡ እስኪንጠባጠብ ገዘገዘ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ድንች ላጥኩ። የሚበቃንን ልጬ ጨርሼም ላጥኩ።

ሲለቅ ሰማሁት። ቋ ሳይሆን፣ እንደ ትልቅ ትንፋሽ። መኪናዋ ቀና አለች አሉኝ። አላየሁም። ከዚያ ሰው ጠርተው ሳንቃ ከጎማዋ ሥር አስገብተው ገፏት፣ ወጣች። ጎረቤቱ ሁሉ እልል አለ፤ ከሁሉ አስቀድማ እልል ያለችው አስካሉ ናት እንዲያውም፣ በተክልዬ ቀን እንጨት አይቆረጥም ያለችው።

እሑድ፣ ነሐሴ 25

ሄደ።

ወፍ ሲንጫጫ ተነሳ። ጀሪካኑን በውሃ ሞላ። በሶና ቆሎ ሰጠሁት። ሁለተኛ ጎማ፣ አካፋ፣ ገመድ፣ የኔ አሮጌ ብርድ ልብስ። «አኮ፣ በረሃ'ኮ ነው፣ ብርድ የለም» አለኝ። «ይዘህ ሂድ ካልኩህ ሂድ።»

ልመርቃት ብል ኮፈኗ ጋ አልደርስም። ጎማዋ ላይ እንትፍ እንትፍ አልኩ። ሂድ፣ ግባ፣ ደህና ግባ፣ ከጉድጓድ ያውጣህ፣ ከጸሐይ ይጋርድህ፣ ውሃ አያሳጣህ። ሌላም ብዙ አልኩ፣ አሁን ረሳሁት።

«ሂን ሶዳቲን አኮ። አትፍሪ።»

«ማን ፈራ?»

ጭንቅላቴን ሳመኝ። ወጣ። ኮብልስቶኑ ላይ እንቅጥቅጥ አላለችም፤ ምንጣፍ ላይ የምትሄድ ነው የምትመስለው። እስከ ጥግ አየኋት። ከፍ ስላለች ከሌሎቹ መኪናዎች በላይ ለብዙ ጊዜ ትታያለች። ይሄ አንድ ጥቅሟ ነው።

ከዚያ ዱካዬን አወጣሁ። ደጄ ክፍት ነው፤ ጥርሱ የወለቀ አፍ። ተቀመጥኩ። አናቴ ላይ ምንም የለም። ካፊያ ጀመረ። ሰው ሁሉ «እማማ ብርቄ፣ ግቢ እንጂ» እያለ ያልፋል። አልገባሁም፣ ግን ደግሞ አላወራሁም። ሰው ራሱ ላይ ውሃ እየወረደበት ወሬ አይጥመውም።

ሰኞ፣ ነሐሴ 26

ዛሬ የተደረገውን ሰው አይሠራውም።

ምሳ በልቼ ጋደም አልኩ። ስነሳ ከደጄ የሰው ድምጽ ይመጣል። ለቅሶ! የሴት ለቅሶ! አብዲ። መንገድ ላይ አብዲ። ጫማዬን ሳላደርግ ወጣሁ።

ደጄ ላይ የዕድሩ ድንኳን ተተክሏል። ከሥሩ ወንበር ተደርድሯል። ከላይኛው ሰፈር የማውቃት አንዲት ሴት ነጠላዋን አገልድማ ታለቅሳለች። ኦቦ ነገራ አጠገቧ ቆሞ «የለም፣ የለም፣ ሰው አልሞተም» ይላታል፤ እሷ ደግሞ የሚያጽናናት መስሏት ይብስባታል።

ነገሩ ለካ ቸርነት ነው። ጥላዬ ስለፈረሰ «አዴ ብርቄን ፀሐይና ዝናብ እንዳይመታት» ብለው፣ ድንኳኑ መጋዘን ከሚቀመጥ ብለው፣ ሊያስደስቱኝ ተከሉት። የዕድር ድንኳን ደጅ ላይ ያየ ሰው ምን ያደርጋል? ያለቅሳል! ስንት ሰው አልቅሶ እንዳለፈ እግዜር ይወቀው።

አፌን ከፈትኩት። «ልጄ በረሃ መንገድ ላይ ነው፣ እናንተ ደጄ ላይ ድንኳን ትተክላላችሁ? ሟርተኞች! ንቀሉልኝ! አሁን ንቀሉልኝ!»

«አዴ ብርቄ፣ ለደግ ነው…»

«ደግነታችሁን ለጠላታችሁ!»

ነቀሉት። ኦቦ ነገራ ከፋው። ሲሄድ ጀርባውን አይቼ አዘንኩ፤ አጥር የዘለለልኝ ሰው ነው። ነገ ይቅርታ እለዋለሁ። ነገ፣ ልጁ ሲደውል።

ደርሶ ይሆን? መሽቷል። ሰመራ መግባት ነበረበት።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 27

አልደወለም።

ስደውል «ያሉበትን ማግኘት አልተቻለም» ትለኛለች ያቺ ሴትዮ። እሷንም ሰደብኳት። ኦቦ ቶሌራ መጣ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሥራ ተቀመጠ። «ባሌስትራውን ያሰርኩበትን ቡሎን ሁሉ ሁለት ጊዜ ነው ያጠበቅኩት» አለኝ። አልጠየቅኩትም። «ሁለት ጊዜ» አለ እንደገና። እሱም እንቅልፍ የለውም ማለት ነው።

ድንኳኑ ትዝ ባለኝ ቁጥር አማትባለሁ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 28

ደወለ! በሰው ስልክ። የሱ ፀሐይ ላይ ግሎ ጠፍቶበት ነው።

ደርሷል። ሰኞ ማታ። ትናንት አሸዋ ላይ ፈትነዋታል፤ የሌላኛው መኪና ቆሞ የሱ ሄዳለች። «አኮ፣ እንደ ጀልባ ናት! ተቀበሉኝ!» ሲል ድምጹ የልጅነቱ ድምጽ ነው። ብርድ ልብሱስ? ለመኪናዋ ወንበር አልብሶታል፣ ቆዳው ስለሚያቃጥል። አላልኩትም?

ከዚያ «ነገ ወደ ውስጥ እንገባለን፣ እዚያ ኔትወርክ የለም፣ እንዳትጨነቂ፣ የማልደውለው እስከ…» አለና ተቋረጠ።

እስከ መቼ? መልሼ ደወልኩ። የለም።

ጃንጥላ ይዤ ደጄ ወጣሁ። ዝናብ ቢሆንም ወጣሁ፤ ለሚያልፈው ሁሉ ልጄ ደርሷል ማለት አለብኝ። ለኦቦ ነገራ መጀመሪያ ነገርኩት፣ ይቅርታዬንም እዚያው ላይ አስገባሁት። «ጉበን በደቦ እንሠራልሻለን፣ ከፍ ያለ» አለኝ። «ልጁ ሲመለስ እንዲያልፍ?» አልኩት። «ኤዬ፣ እንዲያልፍ» አለ። እንዲያልፍ ሲል ደስ አለኝ፤ መመለሱን ቆርጦ ነዋ የተናገረው።

ይሄን እያወራን ከጥግ ጩኸት መጣ። «ወይኔ ብርቄ! ወይኔ እህቴ ብርቄ!» የአክስቴ ልጅ ዘነቡ ናት፣ ከእጃጂ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየመታች ትመጣለች። ሰኞ ገበያ የመጣ የሰፈሯ ሰው ድንኳኑን አይቶ ወሬውን ይዞላት ሄዷል።

ጃንጥላውን ከፍ አደረግኩ። አየችኝ። ቆመች።

«አንቺ! ሞተሻል ተብሎ'ኮ ነው!»

«የሞተው ጉበኔ ነው። ለሱ አልቅሺለት።»

እቅፍ አደረገችኝ። ጉዞውን ሙሉ ያዘጋጀችውን ለቅሶ የት ታድርገው፣ ላዬ ላይ አፈሰሰችው። እኔም ከቅዳሜ ጀምሮ ድንች ልጣጭ ላይ ያቆየሁት ነበረኝ። እሷ ለኔ ጀመረችው፣ እኔ ለልጁ ጨረስኩት። ሰው እያለፈ ያየናል፤ ይየን።

አሁን አልጋዬ ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ታሻለች። «እስከ» ብሎ የተቋረጠውን ነገርኳት።

«እስከ እንቁጣጣሽ ነው» አለችኝ።

እሷ ምን አውቃ? ቢሆንም ደግመሽ በዪው አልኳት። አለችው።